የዋስ ዋስ

ጆሮ አቅርቡ፣ እግር ግን አትዘርጉ፤ ይሄ ተረት ሩጫ ነው።

ትርንጎ የምትባል እናት ነበረች። ልጇ ወሯ ገብቷል፤ የምትታረሰው እናቷ ቤት ነው። የትርንጎ ቤት ግን ጣራ የለውም! አንዱ ኮንትራክተር ነኝ ባይ «አድሰዋለሁ» ብሎ አፈረሰና ቆርቆሮውን ጭኖ እልም አለ። ሰማዩ ደግሞ ማጉረምረም ጀምሯል። ትርንጎ ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ።

ሌላ ኮንትራክተር መጣ፤ ባንታየሁ ይባላል።

«እትዬ፣ ዛሬውኑ ልጀምር?»

«ያኛውም እንዲሁ ነበር ያለኝ። ዋስ ጥራ!»

«ግንበኛው ሽብሩ አለልኝ።»

ነጠላዋን እያጣፋች ወደ ሽብሩ በረረች። ጣራው ያለ ባንታየሁ አይከደን፣ ባንታየሁ ያለ ሽብሩ አይታመን።

«ዋሱ ነኝ እትዬ፣ ምን ችግር አለው!»

ቶሎ እሺ ማለቱ አላማራትም። «ላንተስ?»

«የዋስ ዋስ? ኧረ በስማም! እሺ፣ ቆርቆሮ ሻጯ ዘርፌ።»

ወደ ዘርፌ ሮጠች። ጣራው ያለ ባንታየሁ አይከደን፣ ባንታየሁ ያለ ሽብሩ አይታመን፣ ሽብሩ ያለ ዘርፌ አይታመን።

«ለሽብሩ? በአንገቴ!» አለች ዘርፌ።

«ለአንገትሽስ ማን ዋስ አለው?»

«ጉድ እኮ ነው! ይሁን፣ ሹፌሩን መርሻን ይጠይቁ።»

ወደ መርሻ ሮጠች። ጣራው ያለ ባንታየሁ አይከደን፣ ባንታየሁ ያለ ሽብሩ አይታመን፣ ሽብሩ ያለ ዘርፌ፣ ዘርፌ ያለ መርሻ አይታመን።

«ዘርፌ ወርቅ ናት» አለ መርሻ ከጭነት መኪናው ላይ።

«ወርቅማ ይሰረቃል። አንተስ?»

«እኔን የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልደሰንበት ያውቁኛል።»

ስልኳ ጮኸ። «እማ፣ ምጥ ጀመረኝ፤ ወደ ሆስፒታል እየሄድን ነው!»

ትርንጎ እንደ እብድ ሮጠች። ጣራው ያለ ባንታየሁ አይከደን፣ ባንታየሁ ያለ ሽብሩ አይታመን፣ ሽብሩ ያለ ዘርፌ፣ ዘርፌ ያለ መርሻ፣ መርሻ ያለ ወልደሰንበት አይታመን።

«መርሻ ጨዋ ልጅ ነው፤ ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው።

«ለእርስዎስ ጋሼ?»

«ለእኔ? ዳኛ ሆኜ ስመረጥ ‹አውቃቸዋለሁ፣ በእኔ ይሁንባችሁ› ብሎ የተነሣው ማን ነበር?»

ትርንጎ ነጠላዋን ታጣፋ ጀመር።

«አንቺ ነሽ! ታዲያ ቃልሽ ይጸናል ወይስ አይጸናም?»

«ይጸናል እንጂ!» አለች ተቆጥታ።

ይሄኔ ሰንሰለቱ ተገለበጠ። ትርንጎ ለወልደሰንበት ቆመች፣ ወልደሰንበት ለመርሻ ቆሙ፣ መርሻ ለዘርፌ ቆመ፣ ዘርፌ ለሽብሩ ቆመች፣ ሽብሩ ለባንታየሁ ቆመ፣ ባንታየሁ ጣራው ላይ ቆመ!

ትርንጎ ግን ያው ትርንጎ ናት። መዶሻውን እንዳነሣ መሰላሉን ወሰደችበት።

«እትዬ! ያ ሁሉ ዋስ እያለኝ?»

«ዋሶችህ መሬት ላይ ናቸው፤ አንተ ጣራ ላይ ነህ። ምታ!»

መታ። የመጨረሻው ቆርቆሮ ሲመታ ዝናቡ ዱብ ዱብ አለ። ያኔ መሰላሉን መለሰችለት። «ና ውረድ፣ ታማኙ!»

በማግስቱ አራሷ ሕፃኗን አቅፋ ገባች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ውስጥ አንዲት ጠብታ የለችም። ትርንጎም ቁጭ አለች፤ ብድግ አላለችም።

እኔም ተረቴን ከደንኩ፤ ቢያፈስ ዋሴ እናንተ።