የዋርካው ጥላ

ተረቴን ተቀበሉኝ፤ ለኔ በአጥር ያቀበሉኝ እማማ ጠጂቱ ናቸው።

ቀጭኔ፣ ጦጣና ኤሊ ከዋርካ በተሰቀለ ቅርጫት እምቧይ እየከተቱ ዝንጀሮዎችን ሰባት ዓመት አሸነፉ። ያሸነፈ የዋርካውን ጥላ ዓመቱን ሙሉ ይይዛል። በስምንተኛው ዓመት ቀጭኔ አንገቱ ደርቆ ይስት ጀመር። ጦጣ ግን እንደ ልማዷ ለእሱ ብቻ ታቀብላለች።

ኤሊ መቼም አፏ አያርፍም፤ «አንቺ ሞኝ፣ ራስሽ አትወረውሪም?» አለቻት።

«አያ ቀጭኔን ዘልዬ? ሆድ ይብሰዋል!»

በመጨረሻው ጨዋታ አንድ እምቧይ ብቻ ቀረ። ጦጣ አቀበለችው፤ ቀጭኔ ጎንበስ ብሎ መለሰላት።

«እመት ጦጣ፣ ያልሰማሁ መሰለሽ? ጀርባዬ ላይ ወጥተሽ አንቺው ወርውሪ።»

ወጣች፤ ወረወረች፤ ሳተች።

ዋርካው የዝንጀሮዎች ሆነ። ኤሊ ወንዝ ገባች። ቀጭኔ ቆላ ወርዶ አንድ ግራር ሥር ተኛ። ጦጣም እዚያው ግራር ላይ ወጥታ ልጆች ወለደች።