ከጎታው አልወጣም ያለው ነቀዝ

ተረት አለኝ፤ እናንተ ጆሮ አዋጡ፣ እኔ አፍ አዋጣለሁ።

አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ጓሮዋ ባቄላ፣ ሆዷ ደግሞ ቅናት የሞላ። ጎረቤቷ ድንቄ አዲስ ነጠላ ከለበሰች አንጓችን ራሷን ያማታል። ባቄላ በተወቃ ጊዜ ድንቄ እንደ አገሩ ወግ የሚበላውን ጎታ ውስጥ ከተተች፤ የሚዘራውን ነቀዝ እንዳይበላው ከአመድ ጋር ለውሳ በቅል አስቀመጠች። ጎታዋ እስከ አንገቱ ሞላ። አንጓች ይህን አይታ እንዴት ትተኛ! ሁለት ቁና ዘሯን ያለ አመድ ከሚበላው ጋር ገልብጣ የራሷን ጎታ እስከ አፉ ሞላችው። ድንቄም አየች። አንጓች በጋውን ሙሉ አንገቷን ቀና አድርጋ ሄደች።

ሰኔ ገባ፣ ዝናብ ጣለ። ባሏ ምትኬ «ነገ በሬ እጠምዳለሁ፤ ዘሩን አውጥተሽ ቆዪኝ» አላት። ጎታውን ብትከፍት ነቀዝ ይርመሰመሳል! ዘር ከሌለ ለከርሞ ባቄላ የለም። ከሁሉ የባሰው ግን ድንቄ ትሰማለች።

«ነቀዝ፣ እባክህ ከዘሬ ውጣ!»

«አልወጣም! የድንቄ ባቄላ አመድ አመድ ይላል፤ የሚጣፍጠው ያንቺ ነው።»

ወደ ዶሮዋ ሮጠች። «ዶሮ፣ ነቀዝን ልቀሚልኝ፤ ነቀዝ ከዘሬ አልወጣም አለ።»

«አልለቅምም! ለድመቷ ወተት፣ ለእኔ ትቢያ?»

ወደ ድመቷ ሮጠች። «ድመት፣ ዶሮን አስደንግጪልኝ፤ ዶሮ ነቀዝን አልለቅምም አለች፤ ነቀዝ ከዘሬ አልወጣም አለ።»

«አላስደነግጥም! ውሻው አጥንት ሲቆረጣጥም እኔ ማሽተት ብቻ?»

ወደ ውሻው ሮጠች። «ውሻ፣ ድመትን አባርርልኝ፤ ድመት ዶሮን አላስደነግጥም አለች፤ ዶሮ ነቀዝን አልለቅምም አለች፤ ነቀዝ ከዘሬ አልወጣም አለ።»

«አላባርርም! አህያዋ ከቤት ገብታ ታድራለች፤ እኔን ዝናብ ይመታኛል።»

ወደ አህያዋ ሮጠች። «አህያ፣ ውሻን ርገጪልኝ፤ ውሻ ድመትን አላባርርም አለ፤ ድመት ዶሮን አላስደነግጥም አለች፤ ዶሮ ነቀዝን አልለቅምም አለች፤ ነቀዝ ከዘሬ አልወጣም አለ።»

«አልረግጥም! ለድንቄ አህያ ጀርባዋ ላይ አጎዛ ይነጠፍላታል፤ የእኔ ጀርባ ተልጧል። አጎዛ አምጪ!»

ለካስ አህያዋም ስትቀና ኖራለች! አንጓች አጎዛ የላትም። እያረረች፣ እግሯን እየጎተተች ድንቄ ደጅ ደረሰች።

«አንቺ ድንቄ፣ አጎዛ ስጪኝ፤ አህያ ውሻን አልረግጥም አለች፤ ውሻ ድመትን አላባርርም አለ፤ ድመት ዶሮን አላስደነግጥም አለች፤ ዶሮ ነቀዝን...»

ምላሷን ነከሰች። ግን አምልጧታል።

«ነቀዝ?» አለች ድንቄ ዓይኗ በርቶ። «አጎዛውን እሰጥሻለሁ። በመጀመሪያ ጎታሽን አሳዪኝ።»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠቻት! ግን በሬው ነገ ይጠመዳል። እየተቃጠለች ከፈተችላት። ድንቄ አንገቷን አስግጋ አየች፤ አንድ ባቄላ አነሳች፤ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል።

«ለዚህ ነው እንዴ!» ብላ ጮኸች። «ለዚህ ነው በጋውን ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁት? ባሌን ‹የአንጓች ሞልቶ የእኛ ለምን ጎደለ› እያልኩ የጨቀጨቅሁት?»

«ቀንተሽብኝ ነበር?»

«ተቃጥዬ!»

አንጓች እፍረቷ ሁሉ ጠፋ። ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ሳቀች፤ ድንቄም ሳቀች፤ ሁለቱም መሬት ላይ እስኪቀመጡ ሳቁ።

ድንቄ አጎዛውን አመጣች፤ ባቄላውን ደጅ አሰጡት። አህያ ውሻን ልትረግጥ ተነሳች፤ ውሻ ድመትን ሊያባርር ተነሳ፤ ድመት ዶሮን ልታስደነግጥ ተነሳች፤ ዶሮ ነቀዝን ልትለቅም ተነሳች፤ ነቀዝም «ተዉኝ! ተዉኝ!» እያለ ከዘሩ ወጣ።

ደህናውን ከተበሳው ሲለዩ ለዘር የሚሆነው አንድ ቁና ብቻ ሆነ። ድንቄ አዘነችላት።

«የጎደለሽን አንድ ቁና ከእኔ ቅል ውሰጂ።»

አንጓች ልትቀበል እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው።

«አይሆንም» አለች። «በገዛ ማሳዬ ያንቺ ባቄላ ከእኔ በልጦ ቢበቅል ምን ይውጠኛል?»

የእኔ ተረት ይኸው ነው፤ የቀና የራሱን ያውጋ።