ያፈላው መኪናና የሐጂ ጦይብ ጨርቅ

ምስጋና በልብ የተደበቀውን ለሚያውቀው ጌታ ይሁንና፣ ስሟን ባልጠራው በሚሻል አንዲት ቆላማ አሮጌ ከተማ ሐጂ ጦይብ የሚባሉ ደግ ሽማግሌ ነበሩ። መተዳደሪያቸው መካኒክነት ነው። ከተማዋ ከረጅም ዳገት ሥር ስለተቀመጠች፣ የጭነት መኪና ሁሉ ዳገቱን ከመጋፈጡ በፊት እሳቸው ደጅ ይቆማል። ሾፌሮቹ «ሐጂ የነኩት ሞተር መንገድ ላይ አያስቀርም» ይላሉ፤ ሳይሠራላቸውም ይመርቃሉ፣ ተሠርቶላቸውም ይመርቃሉ።

ይህን ምርቃት ከመንገዱ ማዶ ሆኖ የሚሰማ ሰው አለ። ዘይኑ ይባላል፤ እሱም መካኒክ ነው። እውነቱን ለመናገር ታሪኩ ከሐጂ ይልቅ የሱ ነው። እጁ የተባረከ ነበር፤ መሣሪያውም ከሐጂ መሣሪያ ይሻላል። ግን ሾፌር ወደሱ የሚመጣው ሐጂ ሲታመሙ ወይም ጀናዛ ሊቀብሩ ሲሄዱ ብቻ ነው። «የሳቸው ወረፋ ረዘመብኝ» ብሎ የሚመጣው ደግሞ ይበልጥ ያንገበግበዋል። ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ «አሰላሙ ዓለይኩም፣ ዘይኑ ልጄ» ይሉታል። ሰላምታውን አፉ ይመልሳል፣ ልቡ ግን አብሮ አይመልስም። አስተግፊሩላህ፣ ሐጂ ሲያስነጥሳቸው እንኳ «የርሐሙከላህ» የሚላቸው ሰው ብዛት ያስቀናው ነበር!

አንድ ሐሙስ ሐጂ ለለቅሶ ገጠር እንደወጡ፣ አደም የሚባል ሾፌር ሽንኩርት የጫነ መኪናውን ዘይኑ ደጅ አቆመ። ከራዲያተሩ እንፋሎት ይወጣል።

«ወንድም ዘይኑ፣ ሜዳ ላይ ደህና ነው፤ ዳገት ስጀምር ውሃ ያፈላል። ሽንኩርቱ በዚህ ሙቀት ካደረ ይበሰብስብኛል። ሐጂን ብፈልግ የሉም።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል አጥንቱ ድረስ ዘለቀች።

«መጨረሻ የነካው ማነው?» አለ ዘይኑ።

«ሐጂ ናቸው። የውሃ ፓምፑን ቀይረውልኛል፤ ከዚያ ወዲህ የነካው የለም።»

ዘይኑ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ ሥራውን ጀመረ። ራዲያተሩን አየ፤ ንጹሕ ነው፣ የሚያፈስም የለም። የፓምፑን ቀበቶ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ አልላላም። ውሃው ላይ ዘይት ፈለገ፤ የለም። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ ሲሞቅ ውሃ የሚያመላልሱትን የራዲያተሩን ሁለት የጎማ ቱቦዎች፣ የላይኛውንና የታችኛውን፣ በመዳፉ ዳሰሰ። የላይኛው ያቃጥላል፣ የታችኛው ቀዝቃዛ ነው። «ውሃው አይዘዋወርም፤ አንድ ቦታ ታንቋል» አለ ለራሱ። ሞተሩን አጥፍቶ የታችኛውን ጎማ ፈታ፤ በሽቦ ጎርጉሮ የራሰ ጨርቅ ስቦ አወጣ።

ጨርቁ ዳሩ አረንጓዴ የሆነ የሽርጥ ቁራጭ ነው። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ሐጂ አሮጌ ሽርጣቸውን ይቀዱና ሞተር ሲከፍቱ የቆላው አቧራ እንዳይገባ ቀዳዳዎቹን ይወትፉበታል። ፓምፑን ሲገጥሙ አንዱን ረስተውታል።

የዘይኑ አንጀት ቅቤ ጠጣ። «አልሐምዱ ሊላህ» አለ። ያመሰገነው ግን መኪናው ስለዳነ አልነበረም። ጎማውን መልሶ አሠረ፣ ውሃ ሞላ፣ አስነሣ። ሁለቱም የውሃ ጎማዎች እኩል ሞቁ። መኪናው ዳነ፤ ገና የአስር ሶላት አልተሰገደም። በዚያው ዳገቱን መውጣት ይችል ነበር።

ነገር ግን ምስክር የሌለው ጨርቅ ለዘይኑ ምን ይፈይዳል? ነገ ጁምዓ ነው፤ ሰዉ ሁሉ መስጊድ ይሰበሰባል፣ ሐጂም ከለቅሶ ይመለሳሉ። አደምን «ገና ነው፤ ሞተሩ አድሮ መታየት አለበት» አለው። አደም ሽንኩርቱን ዳሰሰና ምርጫ ስለሌለው እዚያው አደረ።

በማግስቱ ጀማዓው ሰግዶ ግቢውን ሲሞላ ዘይኑ ጨርቁን ከፍ አድርጎ ያዘው።

«ይህን የሚያውቅ አለ? ከአደም ሞተር ያወጣሁት ነው። ሲያፈላው የከረመ ይሄ ነው!»

አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዘይኑ፣ ሽርጥ የማያገለድም ማን አለ? የማንም ይሆናል።»

«የሐጂም ቢሆን» አለ ሌላው፣ «ለሶላት ቸኩለው ነዋ!»

ሐጂ ጦይብ ሰዉን እየገፉ መጡና ጨርቁን ተቀበሉ። ዘርግተው አዩት።

«የኔ ነው። አዎ፣ አዛን ሲል ቸኩዬ ሳላይ ዘጋሁት። ሶላቴን ግን የጥፋቴ መሸፈኛ አታድርጓት። መኪናው በእጄ ያለ አማና፣ የሰው አደራ ነበር።» ወደ አደም ዞሩ። «አደም ልጄ፣ ዐፍው በለኝ፣ ይቅር በለኝ። ዳገት መሐል አንድ ነገር ብትሆን ደምህ በአንገቴ ነበር። ያገኘው ዘይኑ ነው፤ አላህ እጁን ይባርከው። እንግዲህ የኔን ሥራ ከመውጣቱ በፊት እሱ ይይልኝ።»

አደም ትከሻቸውን ሳመና «ዐፍው ብያለሁ» አለ። ሰዉ «ማሻአላህ! እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል!» እያለ ከበባቸው። ዘይኑ ባዶ እጁን ቆሞ ቀረ። ሰውየው ለሥራቸው ሲመረቁ ኖረው አሁን ደግሞ ለጥፋታቸውም ተመረቁ! ቅናቱ ከትናንቱ ባሰበት።

ሰዉ ሲሳሳ ሐጂ እጁን ይዘው ወደ ግድግዳው ጥላ ወሰዱት።

«ጨርቁን መቼ አገኘኸው?»

«ትናንት።»

«ከአስር በፊት ወይስ በኋላ?»

«በፊት፣ ሐጂ።»

«ታዲያ ሽንኩርቱ ለምን አደረ?»

ሐጂ ቁጣ አላሰሙም። እንዲህ ብቻ አሉት፦

«ላገኘኸው እኔ ላመስግንህ፤ ላሳደርከው ግን አደም ዐፍው ይበልህ።»

አደም መኪናው ላይ ወጥቶ የበሰበሰውን ሽንኩርት እየለየ ይጥል ነበር። ዘይኑ ከሥር ቆሞ ሁሉንም ነገረው። አደም የያዘውን የበሰበሰ ሽንኩርት ወረወረ።

«ሐጂ ረስተው ነው፤ ዐፍው አልኳቸው» አለ። «አንተ ግን አልረሳህም።»

ዘይኑ ጫማውን አውልቆ ወጣና አብሮት ሲለቅም ዋለ። አደም «ዐፍው» ያለው ሊነሣ ሲል ነው፤ ያውም ፊቱን ሳያዞር።

ያገራችን ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላል። ወዳጆቻቸው ሰበብ ሲፈልጉላቸው የሐጂን ጥፋት ይዞላቸው የመጣው ምቀኛቸው ነበር፤ ሐጂም ይህን አውቀው አመሰገኑት። ይህ ግን ለሐጂ ጠቀመ፣ ለምቀኛውስ? ሐሰድ፣ ማለትም ምቀኝነት፣ ሰውን ሐሰት ብቻ የሚያናግር ይመስለናል። ዘይኑ በመስጊዱ ግቢ የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ በጌታው ፊት የሚያስጠይቀውም እዚያ የተናገረው አይደለም፣ እውነቱን ለምን ብሎ እንዳሳደረው ነው። ወገኖቼ፣ የሰው ጥፋት በእጃችን ሲገባ «እውነት ነው» ብለን ልባችን አይረፍ። ኒያችንን፣ የልባችንን ሐሳብም እንፈትሽ።

ዘይኑን ቅናቱ በአንድ ጁምዓ ለቀቀው ብዬ አልዋሻችሁም። በየሱጁዱ ለሐጂ ጦይብ ዱዓ ማድረግ ጀመረ። መጀመሪያ ዱዓውን ያደርግ የነበረው በምላሱ ብቻ ነው፤ ልቡ የተከተለው ቆይቶ ነው።