የሽበሺ የአንጀት ቀጠሮ

አንድ ቀን፣ ጥቅምት በገባ በሁለተኛው እሑድ፣ የእድሩ ጸሐፊ ሽበሺ በእድሩ ግቢ አባላቱ ተሰብስበው ሳለ የቀረበለትን ጥሬ ሥጋ አልበላም አለ። እንዲህ ያለ ነገር በእድሩ ተሰምቶ አያውቅም።

ሽበሺ ከሁለት ዓመት በፊት የአንጀት ካንሰር ይዞት በቀዶ ሕክምና ወጥቶለታል፤ መድኃኒቱንም ጨርሷል። ሐኪሟ ግን አልደበቀችውም። በሽታው ሲገኝ አጠገቡ ወዳሉት እጢዎች ደርሶ ስለነበር ሊመለስ ይችላል፤ ከተመለሰም አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ነው። «ሲጋራውን ተው፣ ሥጋ ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ፤ ከምርመራ ግን እንዳትቀር» ብላዋለች። ሰኞ ጠዋት አንጀቱ በመሣሪያ ሊታይ ነው፤ ለዚህም ባዶ መሆን አለበት።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገሠሠ፣ ስለ ማንኛውም በሽታ ከሐኪም ቀድመው የሚናገሩ ሰው፣ ቢላዋቸውን እንደያዙ ዞር አሉ።

«ምን ሆነህ ነው የማትበላው?»

«ነገ ምርመራ አለብኝ፣ ጋሼ።»

«ምን አመመህ?»

«ምንም።»

«ምንም ሳያምህ? ስማ ሽበሺ፣ ያ በሽታ ወጥቶልሃል። እየሄድክ ብትነካካው ጠሩኝ ብሎ ይመለሳል። የተዳፈነ እሳት አይቆሰቆስም። ይቅርብህ።»

«እውነታቸውን ነው» አለ አንዱ እያላመጠ።

ሽበሺ ልቡ ተከፈለ። ውጤቱን መፍራቱ አልቀረም፤ ትንሽ ደግሞ ቢገፉት ይቀር ነበር። ቀና ሲል የእድሩን ድንኳን አየ። ክረምት በወጣ ቁጥር እንደሚደረገው ግቢው ውስጥ ተተክሏል፤ ሁለት ሰዎች ከውስጥ ሆነው ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ይፈልጋሉ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ማን ሞተ?»

«ኧረ በስማም፣ ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ድንኳኑ ለምን ተተከለ?»

«አይጥ በልቶት እንደሆነ ልናይ ነዋ። ለቅሶ ዕለት ከምናፍር።»

«ድንኳኑን ስላያችሁት አይጡ ተጠርቶ አልመጣም፣ ጋሼ። እንግዲህ እኔም አንጀቴን ልየው፣ ይኼ ድንኳን ለእኔ ሳይተከል።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ገሠሠ ብቻ ሳይስቁ ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

ሰኞ የሽበሺ አንጀት ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። በሳምንቱ ወረቀቱን ሊወስድ ሆስፒታል ሲሄድ ጋሽ ገሠሠ አግዳሚው ላይ ተራ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ሰው ልጠይቅ ነው» አሉት፣ የታካሚ ካርዳቸውን እጃቸው ላይ እንደያዙ።

እሳቸውም ሲመረመሩ አንጀታቸው ውስጥ የተገኘው ትንሽ እባጭ ነበር፤ በምርመራው ዕለት እዚያው ተቆርጦ ወጣላቸው። ሽንት ቤት ደም ማየት ከጀመሩ ግን ሰባት ወር ሆኗቸው ነበር፤ ለሚስታቸው እንኳ አልተናገሩም።