ከሰባት ቦታ ያላበው ሞተር

አንድ ባለ ወፍጮ ነበር፤ ስሙ ዘርጋው ይባላል። አሥራ አራት ዓመት በሰው ወፍጮ ቤት ጆንያ ሲሸከም ኖሮ በመጨረሻ የራሱን የናፍጣ ሞተር ገዛና ከመኖሪያ ቤቱ ጀርባ፣ እዚያው ግቢው ውስጥ ተከለው። መንደሩ ትንሽ ነው። ሌላው ወፍጮ ያለው ከወንዙ ማዶ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ነው። ስለዚህ የዘርጋው ሞተር ጠዋት ዱግ ዱግ ማለት ሲጀምር ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው ይመጡና ከወፍጮው በር እስከ አጥሩ ድረስ ይሰለፋሉ።

ዘርጋው ታታሪና እጁ የማያርፍ ሰው ነው። ሞተሩን ራሱ ይፈታል፤ ራሱ ይገጥማል። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ስለ ሞተሩ ማንም ምንም እንዲነግረው አይፈልግም። አንዲት ሴት «ዱቄቱ ሻከረብኝ» ካለችው «እንግዲያው ወስደሽ በእጅሽ ፍጪው» ይላታል። ሚስቱ አስካለች አፏን ስትከፍት ደግሞ ገና ሳትጀምር «አንቺ የሞተር ነገር ምን ታውቂያለሽ?» ይላታል። አስካለች ደግሞ ከወፍጮው በር አጠገብ ተቀምጣ ጆንያ የምታስርና የምትፈታ ሴት ናት። በየቀኑ ለዘጠኝ ሰዓት ያህል የሞተሩን ድምፅ ትሰማለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት ዘርጋው ከሞተሩ ሥር የዘይት ጠብታ አየ። በጨርቅ ጠረገው። እኩለ ቀን ላይ ተመልሶ ሲያይ ጠብታው በደቂቃ አራት ሆኗል። ቁልፉን አምጥቶ የታችኛውን ክዳን ብሎኖች አንድ በአንድ አጠበቀ። ጠብታው ቆመ። ዘርጋውም እጁን ታጥቦ ምሳውን በላ።

ማክሰኞ ከጎን በኩል ማፍሰስ ጀመረ። ያንንም አጠበቀ። ረቡዕ ከፊት መጣ፤ የሲሊኮን ሙጫ ቀባበት። ሐሙስ ከላይ ከሽፋኑ ሥር መጣ፤ ከካርቶን አዲስ ማሸጊያ ቆርጦ አስገባበት። አንዱን ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል፤ ሌላውን ሲዘጋ የመጀመሪያው ይመለሳል። በሁለተኛው ሰኞ ሞተሩ ከሰባት ቦታ ያንጠባጥብ ነበር። ዘርጋው ከሰባቱም ሥር ዕቃ ደቀነ፤ አራት የቲማቲም ጣሳ፣ ሁለት የተሰበረ ጆግ፣ አንድ የአስካለች ድስት።

ወረፋ የያዙት ሴቶች ይህን አይተው ዝም አላሉም።

«ዘርጋው፣ ሰባት ላም አንድ ላይ ወለዱልህ እንዴ?» አለች አንዷ።

«በየጡታቸው ሥር ደቅኖላቸዋል እኮ!» አለች ሌላዋ። «ቅቤው መቼ ነው የሚወጣው?»

«ወረፋሽን ያዢ!» አለ ዘርጋው ከሞተሩ ሥር እንደተኛ።

ከተሰለፉት መካከል ያሉት እትዬ ደብሪቱ በዚያው ሳምንት እሑድ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። አሥራ ስምንት ጆንያ እህል የሚፈጭ አላቸው። ሰባቱን ጣሳና ድስት ተራ በተራ አዩና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«ስማኝ ዘርጋው። በሞተር ዘይት የታሸ ድፎ ለሙሽራ አላቀርብም። ሐሙስ ይሠራል ካልክ ሐሙስ እመጣለሁ። ካልሆነ አርብ ጎሕ ሲቀድ አሥራ ስምንቱን ጆንያ በአህያ ጭኜ ማዶ እሻገራለሁ። ብቻዬን እንዳይመስልህ! እነዚህ ሁሉ ተከትለውኝ ነው የሚሻገሩት።»

ዘርጋው ቁልፉን አንሥቶ ወደ ብሎኖቹ ዞረ። ሰው አንዴ የሌላውን ወፍጮ መንገድ ከለመደ እንደማይመለስ ያውቃል፤ እሱ ራሱ ደንበኛ ያገኘው እንደዚያ ነው። አሥራ አራት ዓመት የተሸከመበት ጀርባ ያን ቀን እንደ አዲስ አመመው።

ማክሰኞ የባሰ ሆነ። ዘርጋው ሞተሩን አስነስቶ ጎንበስ እንዳለ የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቦታው ተስፈንጥሮ ወጣና ፊቱን ዘይት አለበሰው። ሴቶቹ እየተደጋገፉ ሳቁ። አስካለች ጨርቅ ይዛ ሮጣ መጣች።

«ስማ ዘርጋው፣ እኔ እኮ የሚመስለኝ...»

«አንቺ የሞተር ነገር ምን ታውቂያለሽ?»

አስካለች ቀኝ ዓይኑን ጠረገችለት፤ ግራውን እንዲጠርግ ጨርቁን እጁ ላይ ጥላለት ሄደች።

ረቡዕ ጠዋት ባሻ ይርዳው የሚባሉ አዛውንት ለበሶ የሚሆን ትንሽ ገብስ ይዘው መጡ። ባሻ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱና የጠገኑ ሰው ናቸው፤ አሁን በጡረታ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ተራቸው እስኪደርስ ቆመው ሞተሩን ዞረው ዞረው አዩት።

«ስንት ቦታ ነው የሚያፈሰው ልጄ?»

«ሰባት፣ ባሻ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጀመረ። ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«አምስት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብታ አላየሁም።»

«እንግዲህ ቁጠር» አሉ ባሻ ጣታቸውን እያጠፉ። «በአምስት ዓመት ዜሮ። በዘጠኝ ቀን ሰባት። ሰባት ማሸጊያ ተማክሮ በአንድ ሳምንት አያረጅም። አንተ ሰባት ችግር ስታሳድድ ከርመሃል፤ ያለህ ግን አንድ ነው። በል ሞተሩን አጥፋው።»

ዘርጋው ማንም እንዲነግረው የማይፈልግ ሰው ቢሆንም አርብ ጎሕ ሲቀድ አህዮቹ እንደሚጫኑ ትዝ አለውና አጠፋው።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ ባሻ በናፍጣ፣ ቀጥሎም በሳሙና ውኃ ከላይ እስከ ታች አሳጠቡት፤ በደረቅ ጨርቅም አስወለወሉት። የአምስት ዓመት እድፍ ሲለቅ ከሥሩ አረንጓዴ ቀለም ወጣ።

«አረንጓዴ ነው እንዴ?» አሉ አንድ ጆንያ ይዘው ነገሩን ሊያዩ የመጡት እትዬ ደብሪቱ። «እኔስ ጥቁር ሆኖ የተወለደ ነበር የሚመስለኝ።»

«አሁን አንድ ጭብጥ ዱቄት አምጡልኝ» አሉ ባሻ።

«ከማን ጆንያ?» አሉ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ፤ ሁሉም የየራሳቸውን ጆንያ አፍ ጨበጡ።

አስካለች ከገዛ ቤቷ አመጣች። ባሻ ዱቄቱን በየመጋጠሚያው ላይ ነሰነሱት። «የታጠበ ሞተር አይዋሽም» አሉ። «ዘይት ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ የረጠበ ቦታ ሁሉ የተቀደደ አይደለም። ቀዳዳው አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ከሁሉም በላይ ያለው ዱቄት ቀድሞ ይጠቁራል። እሱን ትዘጋለህ፤ የታቹ በራሱ ይደርቃል። እስቲ አስነሳው።»

ሞተሩ ተነሣ። ዱቄቱ ግን ከላይ ጀምሮ አልጠቆረም። ሰባቱም ቦታ፣ የላዩም የታቹም፣ በአንድ ጊዜ ጠቆረ።

ባሻ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሆዱ ተነፍቷል። ይኸውልህ ልጄ፣ ሞተር ይተነፍሳል። ሲሠራ ሆዱ ውስጥ ጭስ ይጠራቀማል፤ ያ የሚወጣበት ጣት የሚያህል ቱቦ አለው። ያ ከተዘጋ ጭሱ ዘይቱን እየገፋ ባገኘው ቀዳዳ ይወጣል። የዚህኛው ቱቦ የት ነው?»

«ቱቦው? እሱ እንኳ ደህና ነው» አለ ዘርጋው ቶሎ ብሎ።

ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ። «ባሻ፣ እኔ ልናገር?»

አስካለች ነበረች። ዘርጋው ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ባሻ እጃቸውን አነሡ። «አንተ ሰባት ቦታ ዘግተህ አልሆነልህም። ይህን ስምንተኛውን ክፍት ተወው። ተናገሪ ልጄ።»

«ከሰኞው በፊት በነበረው ቅዳሜ ነው» አለች አስካለች። «እትዬ ደብሪቱ 'ከዚያ ቱቦ የሚወጣው ጭስ ዱቄቴን አገማብኝ' ብለው ተቆጡ። ዘርጋው ተናደደና የበቆሎ ቆሮቆንዳ በፌስታል ጠቅልሎ የቱቦው አፍ ውስጥ በመዶሻ መታው። ሞተሩ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ድምፁ ተለወጠ። እንደታፈነ ሰው ነው የሚያቃስተው። ይህን ልነግረው አምስት ጊዜ ጀምሬያለሁ። አምስቱንም ጊዜ ምን እንዳለኝ እሱ ይንገራችሁ።»

ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ከወረፋው መካከል አራት ሴቶች እኩል ጮኹ፤ «አንቺ የሞተር ነገር ምን ታውቂያለሽ?»

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ዘርጋው ቆሮቆንዳውን ረስቶት አልነበረም። ነገር ግን ዘጠኝ ቀን ሙሉ የፈለገው የተከፈተ ነገር ነው። ራሱ የዘጋው ነገር ጥፋት ሊሆን እንደሚችል አንድ ጊዜም አላሰበም።

ባሻ ፒንሳ ተቀብለው ከሞተሩ ጀርባ ዞሩ፤ ቆሮቆንዳውን ያዙና ወዘወዙት። ሞተሩ እየሠራ ነበር። ድንገት «ጧ!» አለ። ቆሮቆንዳው በሴቶቹ ራስ ላይ አልፎ በርሮ ክፍት የነበረ ጆንያ ውስጥ ዘፍ አለ። ጆንያው የእትዬ ደብሪቱ ነው።

እትዬ ደብሪቱ ጎንበስ ብለው ቆሮቆንዳውን በሁለት ጣታቸው አወጡት። «መጀመሪያ ጭስ ላክህብኝ፤ አሁን ደግሞ ቆሮቆንዳ። ዘርጋው፣ ከሠርጉ በፊት ሌላ የቀረ ስጦታ አለህ?»

ዘርጋው ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ አልቻለም። ሳቁ ከሆዱ መጣበትና ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሞተሩም ከኋላው ድምፁ ቀለለለት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣሳዎቹን ቆጠሩ። ከሰባቱ ቦታ አምስቱ በራሳቸው ደርቀዋል። ሁለቱ ግን አልደረቁም፤ ዘርጋው በብስጭት አብዝቶ ሲያጠብቅ ማሸጊያቸውን ስለቀደደው አዲስ ማሸጊያ ተቆርጦ ገባላቸው። ብሎኖቻቸውንም በልክ አሰሩ።

«የእትዬ ደብሪቱስ ጭስ?» አለ ዘርጋው። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አስካለች፣ አንቺ ምን ይመስልሻል?»

አስካለች መልሱን ካዘጋጀች አሥር ቀን ሆኗታል። ጓሮውን የምታጠጣበትን ጎማ ሦስት ክንድ ያህል ቆርጣ አመጣች። አንዱን ጫፍ በቱቦው አፍ ላይ አጠለቁት፤ ሌላውን ግድግዳውን በስተው ወደ ውጭ አወጡት። ጭሱ ከወፍጮ ቤቱ ውጭ ይወጣ ጀመር፤ ዱቄቱም ንጹሕ ሆነ። ለካ እትዬ ደብሪቱም ያን ቅዳሜ የተናገሩት እውነት ኖሯል።

ሐሙስ አሥራ ስምንቱም ጆንያ ተፈጨ። ሞተሩ ከጠዋት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት አንዲት ጠብታ አልጣለም። የመጨረሻው ጆንያ ሲታሰር እትዬ ደብሪቱ እልል አሉ፤ ሴቶቹም ተቀበሏቸው። አርብ ጎሕ ሲቀድ ወደ ማዶ የተሻገረ አህያ አልነበረም።

ዘርጋው ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ሚስቱን «ትናንት ምን ሰማሽ?» ብሎ ይጠይቃታል። በመጀመሪያው ቀን አራት ነገር ነገረችው። ሦስቱ ስለ ሞተሩ ነበሩ። አራተኛው ስለ እሱ ነበር። አራቱንም ቆሞ ሰማ፤ አራቱም ትክክል ነበሩ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህን ነው። ችግር ከአንድ ቦታ ሲያንጠባጥብ ያንን ቦታ ጠግን። በአጭር ጊዜ ከሰባት ቦታ ሲያንጠባጥብ ግን ቁልፍ ይዘህ መዞርህን አቁምና የዘጋኸው ነገር ምን እንደሆነ አስብ። ትንሽ ቅሬታ ትንሽ ጭስ ነው፤ ደስ አይልም፣ ይሸታል። አፉን ከዘጋህበት ግን አይጠፋም፤ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ልጅህ ትምህርቱን ይጠላል፣ ሚስትህ ዝም ትላለች፣ ሠራተኛህ ያረፍዳል፣ ጎረቤትህ ፊቱን ያዞራል። አንተም እያንዳንዱን ለየብቻ ታጠብቃለህ፤ አብዝተህ ያጠበቅኸው ደግሞ ይቀደዳል። ጭሱን ማፈን ሳይሆን መውጫ ማበጀት ነው የሚሻለው፤ ለዚያም የሚበቃው ሦስት ክንድ ጎማና አንድ ጥያቄ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አሁን ይህን ጽሑፍ አስቀምጥና በቤትህ ያሉትን ሰዎች ቁጠር። ከእነሱ መካከል ሊነግሩህ ጀምረው ያቋረጥሃቸው ስንት ናቸው?