ፊት የሌላት ወፍ

በድሮ ዘመን፣ ልጆች፣ ጉም ከሰው ቀድሞ በሚነሣበት የገደል አፋፍ ላይ አንድ መንደር ነበረ። በመንደሩም ደምለው የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ምላሱ ፈጣን፣ እጁ ሰነፍ፣ ዓይኑ ሁልጊዜ የሰው መሬት ላይ ነበር።

አንድ ጊዜ ድርቅ ያባረራቸው ሰዎች ከቆላ ወጡ። ሲጸልዩ ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ፤ ሲዘፍኑ ዜማቸው ሌላ ነው። ከየደጁ ቆመው «ቤቶች! የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» አሉ። መንደሩም «ቤት የእግዜር ነው» ብሎ አስገባቸው። በዚያ አገር ይህን የተባለ ሰው አይባረርም፤ ነውር ነው።

ከእንግዶቹ አንዷ ዘይነባ ናት። ባሏን መንገድ ላይ ቀብራ፣ ሕፃኗን አዝላ የመጣች። መንደሩ ከደምለው አጥር ማዶ አንድ ጎጆ ከነጓሮው ሰጣት።

በዚያ አገር ነገር ሲሰረቅ ሰው ሁሉ አንድ አጥር ውስጥ ይዘጋል። አውጫጭኝ ይባላል። ሁሉም በተራው ከአጥሩ ጀርባ ሄዶ ለጭቃ ሹሙ ሹክ ይላል፤ የሚታመነው ግን በምስጢር የተመረጠው የአንዱ ቃል ነው። ያንን ሰው ወፍ ይሉታል። ወፏ ያለችው አይመለስም።

ወፏ ደምለው ነበር።

ዶሮ ጠፋች። የሰረቀው ከእንግዶቹ አንድ ጎረምሳ ነው፤ እውነት ነው፣ አልደብቃችሁም። ወፏ ስሙን ተናገረች። ጎረምሳው ከመንደር ተባሮ በገደሉ ቁልቁል ተነዳ።

ፍየል ጠፋች። የሰረቀው የጭቃ ሹሙ አማች ነው። ወፏ ዝም አለች። አውሬ በልቷት ይሆናል ተባለ።

በሬ ጠፋ። የሰረቀው ደምለው ራሱ ነው። ወፏ «ዘይነባ» አለች።

መንደሩም እነዚህ ከመጡ ወዲህ የተያዘው ሌባ ሁሉ ከነሱ ነው እያለ አወራ። በተነገረው ከሆነ ልክ ነው። ያልተነገረውን ማን ይቆጥራል?

ዘይነባ አጥሩ መካከል ቆመች። «ጌቶቼ፣ በሬ በአንቀልባ ይታዘላል?» አለች። አንዳንዱ ሳቀ። «እንግዲያው ወፏን አሳዩኝ። ፊቷን አይቼ ልሂድ።»

ጭቃ ሹሙ መሬት መሬቱን እያየ «ወፍ ፊት የላትም፣ ልጄ» አላት።

ሕፃኗን አዝላ ጉሙ ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲያ ያያት የለም።

ግን ጉም በወረደ ቁጥር አንድ ድምፅ ከደጅ ደጅ እየዞረ «ቤቶች!» ይል ጀመር። በሩን የከፈተ ሰው ማንንም አያይም። ስለዚህ መክፈት ቀረ። ለተጣራ መልስ መስጠትም ቀረ።

አንድ ቀን ደምለው የዘይነባን ጓሮ ወደ ራሱ ሊያጥር ወጣ። በቀትር ጉም ወረደበት፤ መዳፉን እንኳ ማየት አቃተው። ከገደሉ በኩል ጅብ ጮኸ። እየዳበሰ አንድ ደጅ ደረሰና «ቤቶች!» አለ። ዝም። ሌላ ደጅ ደረሰና «ቤቶች!» አለ። ዝም። የራሱ ደጅ ደረሰና «ኧረ እኔ ነኝ፣ ደምለው ነኝ!» አለ።

ሚስቱ መቀርቀሪያውን በሁለት እጇ ይዛ ለልጆቿ «አትንቀሳቀሱ። የአባታችሁን ድምፅ ተምሯል» አለቻቸው።

ጅቡ ቀረበ። ደምለው ሮጠ። ያን ጊዜ ከአንድ ቤት ውስጥ፣ ሕፃን እያባበለች ያለች ሴት ቀስ ብላ «ቤት የእግዜር ነው። ግባ» አለችው።

ቤቱን አወቀው። ዘይነባ ትታው የሄደችው ባዶ ቤት ነበር። ቢሆንም ገባ።

ጉሙ ሲገለጥ ጋቢው ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ተገኘ። በላዩ አንዲት ግራጫ ወፍ ቆማለች። በርራ ሄዳ የአውጫጭኙ አጥር ላይ አረፈች፤ በደምለውም ድምፅ ትናገር ጀመር። የፍየሏን ሌባ ተናገረች። የበሬውን ሌባ ተናገረች። ከዚያ በፊት የተዋጠውን ስም ሁሉ፣ የሞቱትንም ሌቦች ስም ጭምር፣ እየጠራች ተናገረች። ዝም ልትል ፈለገች፤ አልቻለችም።

ጭቃ ሹሙ ቀና ብሎ አያት። ፊት ነበራት፤ የደምለው ፊት።

መንደሩ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ዘይነባን ፍለጋ የሄደ የለም። ወፏ ላይ ድንጋይ አነሡ።

የእንግዳውን ጥፋት ብቻ የሚናገር አፍ እውነት እየተናገረ ይዋሻል፤ በር የሚያስዘጋም ሰው አንድ ቀን ከበሩ ውጭ ይቀራል። ትምህርቱ ይኸው ነው። ተረቴን አትመልሱልኝ፤ ሰው ሲጣራ መልሱ።