ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር

አንድ አናጺ ነበረ። «የንድፍ ሥራዎቼን ሁሉ ኢንተርኔት ገጼ ላይ ዘርግቻለሁ፣ ደንበኛ ግን ዝር አይልም፤ ምን ልጨምርበት?» ብለህ ስለጠየቅኸኝ ነው ይህን ሰው የማነሣብህ።

ቤቱ ከገበያ መንገድ ዳር ነው። ደጃፉ ላይ አንድ ትልቅ ወንበር አቁሟል። ክንዶቹ የአንበሳ ራስ ናቸው፣ መደገፊያው የወይን ሐረግ። ክረምት ከበጋ ፈልፍሎታል። ያዘዘው ሰው የለም፤ የተቀመጠበትም የለም። ሰው ቢቀመጥበት ሐረጉ ጀርባ ይወጋል። ከጎኑ በሩ በጌጥ የተሞላ ቁም ሳጥን አለ፤ ሲከፍቱት መደርደሪያ የለውም።

ገበያተኛው ቆም ብሎ ያያል፣ «አቤት እጅ!» ይላል፣ ያልፋል። አናጺው ይናደዳል። «ጥበብ የማያውቅ አገር!» እያለ አንበሳው ላይ ጥርስ ይጨምራል።

በጓሮ በኩል ግን ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። ለጎረቤት የተሰበረ የአልጋ እግር ይተካል። ወገቧን ለሚያማት አሮጊት ከፍ ያለ መቀመጫ ያበጃል። ይህን ሁሉ በጓሮ በር ያስወጣዋል። ሰው እንዳያይበት ያፍር ነበር።

አንድ ቀን ሴት ልጁን ትኩሳት ያዛት። ገና አፏን የፈታች ነበረች። ሞተች።

በአገሩ ደንብ ሐዘንተኛ ሥራ አይነካም። ሳጥኑንም መቃብሩንም የሚያሰናዳው ዕድር ነው። የዕድሩ ዳኛ ሳጥን አስይዞ ሲመጣ አናጺው ከለቅሶው መካከል ተነሥቶ ውስጡን አየ። ጣውላው ሻካራ ነው። የአንዱ ምስማር ጫፍ ወደ ውስጥ ወጥቷል።

«ልጄን እዚህ ውስጥ?»

«ተው እንጂ፣ ሐዘንተኛ ነህ፣ ተቀመጥ» አለው ዳኛው። «ለአፈር ነው።»

«ለአፈር አይደለም። ለእሷ ነው!»

ሰው እየጮኸበት መላጊያውን አነሣ። ሌላ ሳጥን ሠራ። ጌጥ አላደረገበትም። ውስጡን ግን በመዳፉ እየዳሰሰ ላገው። ራሷ የሚያርፍበትን ጎድጎድ አደረገው። ስትተኛ ወደ ቀኝ እንደምትዞር ያውቅ ነበርና በዚያ በኩል ሰፋ አደረገላት።

ተቀበረች።

ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ እየመጣ «እግዜር ሌላ ይተካልህ» ይለዋል። ሰማ፣ ሰማና «የሚተካ የአልጋ እግር ነው!» ብሎ ጮኸ። ሰዉ አንገቱን ደፋ።

በሰልስቱ አንዲት ሴት መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ልጅቱን ከገነዙት ሴቶች አንዷ ናት።

«ወንድሜ፣ ልጄ ወገቡ አልጸናለትም። ባስቀምጠው ይወድቃል። ወንበር ሥራልኝ።»

«ዛሬ? አንቺ ሴትዮ፣ በልጄ ለቅሶ ላይ ገበያ ትወጫለሽ?»

«ልጄም የሚወድቀው ዛሬ ነው።»

ዓይኑ ቀላ። «ደጄ እዚሁ ነበረ! እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

«መጥቼ ነበር። ያንን አንበሳህን አየሁና፣ ይህ ሰው የሚሠራው ለቤተ መንግሥት ነው፣ የእኔን ልጅ ዞሮም አያየው ብዬ ተመለስሁ። ያወቅሁህ የሳጥኑን ውስጥ ስዳስስ ነው።»

አናጺው ብድግ ብሎ ወጣ፣ መጥረቢያውን አነሣ፣ የደጃፉን ወንበር አናቱን አለው። ለቀስተኛው ግር ብሎ ወጣ። «አበደ! ያዙት!» ተባለ። አንድ ሽማግሌ ክንዱን ሊይዙት ሞከሩ።

«ይተዉኝ አባቴ!» አለ። «ስንት ዓመት ሙሉ ደጄን ዘግቶብኝ ቆሟል!»

አንበሳውን ከነጥርሱ አረገፈው። ከዚያ በሐዘን ልብሱ ከሴትዮዋ ጋር ሄደ። ልጁ ወዴት እንደሚያዘነብል ቁጭ ብሎ አየ። በዚያ በኩል ደግፎ የሚይዝ ወንበር ሠራለት። ልጁ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። እናቱ ፀሐይ እንዲሞቅ በራፏ ላይ ታስቀምጠው ጀመር። ያለፈ ያገደመው ሁሉ «ይህን ማን ሠራው?» አለ። ከዚያ ወዲህ አናጺው ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ይህም ሴት ልጁን አልመለሰለትም። እጁ ሥራ ሲይዝ እንኳ ፊቱ እንደ ተቆጣ ነበር።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ያ አንበሳ ያንተ ገጽ ነው። ለሌለ ባንክ አርማ ሠርተሃል። ላልተከፈተ ሆቴል ምልክት ሥለሃል። ያምራል፤ ማን ተቀመጠበት? ለመድኃኒት ቤቱ የሠራኸው ከረጢትስ የት አለ? ፊደል ያልቆጠረ ሰው የጠዋቱን ከማታው እንዲለይ ፀሐይና ጨረቃ የሣልህበት? ፈለግሁት፣ ገጽህ ላይ የለም። «እሱማ ተራ ሥራ ነው፣ ጋሼ» አልኸኝ። ተራ! አክስቴ መድኃኒቷን የምትውጠው በዚያ ሥዕል ነው።

ደንበኛህም የሚወድቅበት ነገር ይዞ ነው የሚመጣው። ሊያውቅ የሚፈልገው እጅህ ይይዝለት እንደሆነ ነው። ለሰው የሠራኸውን በጓሮ በር እያስወጣህ፣ ለማንም ያልሠራኸውን ደጅህ ላይ እያቆምህ፣ «ሰው አላወቀኝም» ብለህ አገር ትሰድባለህ። በምን ይወቅህ?

አናጺው ይህን እስኪያውቅ ልጅ ቀበረ። አንተ ማንን እስክትቀብር ነው የምትጠብቀው? ተነሣ፣ አፍርሰው።